ሰይፍ ስትገዙ ሥሩን ጠይቁ

አያቴ ጎራዴ ነበራቸው። አሁን ገላን፣ አጎቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ከፎቷቸው ሥር ተሰቅሏል። ልጅ እያለሁ ለበዓል ወርዶ ሲወለወል እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ አይ ነበር። መንካት ክልክል ነው። አንድ ፋሲካ ላይ አጎቴ ስለቱን ወደ መስኮቱ አዞረና በደቃቁ የተቀረጸ የፈረንጅ ፊደል አሳየኝ። «ዞሊንገን» ይላል። ጀርመን ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰይፍ ስትሠራ የኖረች። ብዙ የድሮ ጎራዴዎቻችን ብረታቸው ከአውሮፓ መጥቶ እጀታና ሰገባቸው እዚህ የተሠራላቸው ናቸው።

ነገሩ የያዘኝ ያን ቀን ነው። ከዚህ በፊትስ እዚያ አገር ምን ዓይነት ሰይፍ ይሠሩ ነበር እያልኩ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ስሄድ፣ የመካከለኛው ዘመን ሰይፍ ላይ ደረስኩ። ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው፣ እጀታው ላይ መስቀል የሠራ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሚካኤልና ገብርኤል የመቅደሱ በር ላይ ሰይፍ መዘው ቆመው ሳይ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ዓይኔ እንግዳ አልሆነበትም።

እውነተኛው ያለው ሙዚየም ነው። ለሽያጭ ሲቀርብም ዋጋው እንደኔ ላለ ሰው አይታሰብም። እኔ የፈለግኩት ቅጂ ነው። ግን ደህና ቅጂ። ስይዘው የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት የያዘው ሰው እጅ ላይ የነበረው ክብደት እኔም እጅ ላይ እንዲሰማኝ ነው የምፈልገው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ቃሊቲ፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት። ቀኑን ሙሉ ላሜራ እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ፣ በግራይንደር አለሰልሳለሁ። ስለዚህ ብረት አውቃለሁ፣ ማንም አይሸውደኝም ብዬ አስብ ነበር።

የመጀመሪያውን ሰይፍ የገዛሁት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የስጦታ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ በ5,500 ብር። እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። መስቀለኛው፣ ማለትም ከእጀታው በላይ እጅ የሚጋርደው አግድም ብረት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ወርቅ ቀለም የተቀባ የአንበሳ ራስ አለው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ዕድሜ ልክህን አብሮህ ይኖራል» አለኝ። አንድ ነገር እንኳን አልጠየቅኩትም። ብልጭልጩ ዓይኔን ይዞት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከብሎካችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ወጣሁ። ባዶ ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ድንጋይ ላይ አቆምኩ። የሰይፍ ወዳጆች ስለት የሚሞክሩት እንዲህ ነው። አንዴ ሰነዘርኩ፣ ሳትኩት። ሁለተኛ ሰነዘርኩ፣ ሃይላንዱ ሳይቆረጥ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ እጄ ድንገት ቀለለኝ። ብረቱ ከእጀታው ተነቅሎ በረረ። ግድግዳውን መታና ነጥሮ ወደቀ። የወደቀበት ቦታ ልብስ ልታወርድ ከመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጅቷ ጮኸች፣ እናቷ ወጣች፣ እኔ እጀታውን ጨብጬ እንደቆምኩ ቀረሁ። ያን ቀን ማታ ምግብ አልበላልኝም። እናትየዋን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ነው ያንኳኳሁት።

ሰኞ ዕለት እጀታውን ሥራ ቦታ ወሰድኩትና ሞርሳ ላይ አስሬ ፈታሁት። ውስጡን ሳይ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ርዝመት፣ ያ ሁሉ ብረት፣ እጀታው ውስጥ የተያዘው በአንድ ቀጭን ዘንግ ነው። ባለ 6 ቡሎን የምታክል፣ ጫፏ ጥርስ ወጥቶላት በዳዶ የታሰረች። ዘንጓ ከሰይፉ ጋር አንድ ብረት አይደለችም። ለብቻዋ መጥታ ነው የተበየደችው። የተሰበረችውም ልክ ብየዳው ላይ ነው። እኔ ራሴ በያጅ ነኝ። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ የአጥር በር ላይ እንኳን ባገኝ አፍርሼ እንደገና እበይደዋለሁ።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱት እንኳን ይህችን እንድትይዙልኝ ነው የምፈልገው። ሰይፍ እጀታው ላይ አያልቅም። ከመስቀለኛው አልፎ፣ እጀታውን ሰንጥቆ፣ መጨረሻው ላይ እስካለው ጉልላት ድረስ ይዘልቃል። እኔ ይህን ክፍል ሥሩ እለዋለሁ። በመካከለኛው ዘመን ሥሩ ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ ብረት ነበር። ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ ጫፉ እየጠበበ ሄዶ በጉልላቱ ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ ብቅ ያለው ጫፍ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠፍጠፍ ይላል። አለቀ። እጀታ፣ መስቀለኛ፣ ጉልላት፣ ሁሉም በዚያች በተቀጠቀጠች ራስ ተይዘው ይቀራሉ። ዳዶ የለም፣ ብየዳ የለም።

ዛሬ በርካሽ ዋጋ ከሚሠሩት ደህና ቅጂዎች ጥቂቶቹ እንደ ድሮው ይቀጠቀጣሉ። ሌሎቹ ጫፉ ላይ ጥርስ አውጥተው በዳዶ ያስሩታል። እንደ ድሮው ባይሆንም ሥሩ ወፍራምና ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ እስከሆነ ድረስ እኔ አልከፋበትም፤ ሲላላ እንደገና ማጥበቅም ይቻላል። የምሸሸው ቀጭኗን ዘንግ ብቻ ነው። ሌላም አለ። ሥሩ ከስለቱ ትከሻ የሚነሣበት ማዕዘን እንደ በር ጉበን ስል ሆኖ የተቆረጠ ከሆነ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ክብ ተደርጎ ሲለሰልስ ግን ጫናው ይበተናል። ብረት ቆራጭ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ችግሩ ሱቅ ውስጥ ይህ ሁሉ አይታይም። እጀታው ሸፍኖታል። ስለዚህ ጠይቁ። «ሥሩ ምን ያህል ይሰፋል? ከስለቱ ጋር አንድ ነው ወይስ ተበይዷል? ጫፉ የታሰረው በምንድን ነው?» የሚያውቅ ሻጭ ይመልሳል። የማያውቅ ሻጭ ስለ አንበሳው ራስ ያወራላችኋል።

ቀጥሎ ክብደት ነው። ብዙ ሰው የድሮ ሰይፍ አምስት ስድስት ኪሎ ይመስለዋል። ባልደረቦቼም እንደዚያ ነበር የሚከራከሩኝ። ባለ አንድ እጁ የመካከለኛው ዘመን ሰይፍ በአብዛኛው ከአንድ ኪሎ እስከ 1.4 ኪሎ ነው። ሁለት እጅ የሚይዘው ረጅሙ እንኳን በአብዛኛው ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ነው። ሰውየው ነፍሱን የሚያድንበትን ነገር ለምን ይሸከመዋል? የኔን የተሰበረውን ሰፈር ያለው አትክልት ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 2 ኪሎ ከ100 ግራም መዘነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአንድ ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት ተቆርጦ ጠርዙ ብቻ ተሞረደ። የጥንቱ እንደዚያ አይደለም። መስቀለኛው አጠገብ አምስት ስድስት ሚሊሜትር የሚወፍረው ብረት ጫፉ ላይ ሲደርስ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ፈጥኖ ይዞራል። መሐል ለመሐል የሚወርደው ቦይም የደም መፍሰሻ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይደለም። ጥንካሬውን ሳይቀንስ ክብደት የሚቀንስ ብልሃት ነው፤ እኛም በር ስንሠራ ላሜራውን የምናጥፈው ሳናወፍር እንዲጠነክር ነው።

ሚዛኑን በአንድ ጣት ማወቅ ይቻላል። ሰይፉን አጋድማችሁ ጣታችሁ ላይ አስቀምጡት። ሳይወድቅ የሚቆምበት ቦታ ከመስቀለኛው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። የኔ የመጀመሪያው ከሃያ ሦስት ሴንቲሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። ስሰነዝር እጄን ይዞት የሚሄደው ለዚህ ኖሯል።

ብረቱን በተመለከተ፣ «ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም» ከተባላችሁ ለግድግዳ ከሆነ ግዙት። ለእጅ ከሆነ ተዉት። ስቴንለስ ለወጥ ቤት ቢላዋ ግሩም ነው፤ ቢላዋ አጭር ነው። ሰማንያ ሴንቲሜትር ሆኖ ሲወዛወዝ ግን የመሰበር ጠባይ አለው። ለሰይፍ የሚሆነው ካርቦን ያለው፣ ጎብጦ የሚመለስ ብረት ነው። ሻጮች 1045፣ 1060፣ 1075 እያሉ ሲጽፉ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ። 1060 ማለት 0.60 በመቶ ማለት ነው። ሥራ ቦታ የምቆርጠው ላሜራ 0.25 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ብታግሉት፣ ብትነክሩት አይጠነክርም። ቁጥሩ ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ብረቱ በልኩ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲለዝብ ካልተደረገ ምርጡ ብረትም ወይ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል ወይ እንደ ቆርቆሮ ታጥፎ ይቀራል።

5160 የሚባልም አለ። የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ነው። ይህን ባወቅኩ ቀን ደስታዬን አልችለውም ነበር። ቃሊቲ ነው የምውለው! ከከባድ መኪና ጋራዥ ሁሉ ደጃፍ አሮጌ ባሌስትራ ተቆልሏል። ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ ነው የመጣው፤ ጣሊያኖች ባሌስትራ የሚሉት በመካከለኛው ዘመን ወታደር የሚተኩስበትን ባለ ሰደፍ ቀስትም ነው። የመኪናው ብረት በቀስቱ ስም ተጠራ።

አንዱን ባሌስትራ ገዝቼ ወደ አቃቂ መውጫ ያሉ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ጋ ይዤ ሄድኩ። ማጭድና መጥረቢያ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ብረቱን ገልበጥ አድርገው አዩ፣ በጥፍራቸው አንኳኩ። «ልጄ፣ ቢላዋ ከሆነ ነገ ና። ሰይፍ ከሆነ አልዋሽህም» አሉኝ። የሳቸው እሳት አንድ ክንድ የሚሆን ብረት ነው እኩል የሚያግለው። ከዚያ የረዘመውን ሲነክሩት ይጣመማል። ደግሞ አሮጌ ባሌስትራ ስንት ዓመት ጉድጓድ ሲመታ ኖሮ ነው የወጣው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ይህን የነገሩኝ ሥራውን መሥራትና ገንዘቤን መቀበል እየቻሉ ነው። ቢላዋ አሠራሁ። እስከ ዛሬ እናቴ ጎመን የምትቀረድድበት እሱ ነው።

ሳልናገር የማላልፈው አለ። ማረሻችንንም ጦራችንንም የሠሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን ስንት ዘመን አብረናቸው ሳንበላ፣ ሳንጋባ ኖርን። የአያቴ ጎራዴ እጀታ ላይ ያለውን ቀንድ ማን እንደገጠመው ቤተሰባችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። የዞሊንገን ስም ግን ተጽፎ ቀርቷል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የቀረው ከውጭ ማስመጣት ነበር። ዋጋውን በሦስት ልክፈልላችሁ። ከመቶ ዶላር በታች የሚሸጠው በአብዛኛው የግድግዳ ጌጥ ነው። ከ150 እስከ 400 ዶላር ባለው መሐል ሕንድ ደህራዱን ውስጥ እንደሚሠራው ዊንድላስ፣ ቻይና ውስጥ እንደሚሠራው ሀንዌይ ያሉ አሉ። እኔ የፈለግሁት እዚህ መሐል ነው። ከሺህ ዶላር በላይ ደግሞ አሜሪካ ዊስኮንሲን ያለው አልቢዮን አለ፤ የሙዚየም ሰይፎችን እየለካ የሚሠራ። ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ይበቃኛል።

የትኛውን ዓይነት የሚለው ላይ የረዳኝ ኢዋርት ኦክሾት (1916–2002) የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የመካከለኛውን ዘመን ሰይፍ በስለቱ ቅርጽ ከ10 እስከ 22 ቁጥር ሰጥቶ መድቦታል። ዓይነት 12 ሰፋ ብሎ ቀስ እያለ የሚጠብ፣ ለመቁረጥ የተመቸ ነው። ዓይነት 15 ቦይ የለውም፣ ጫፉ እንደ መርፌ ነው፤ ተዋጊዎች ሰውነታቸውን በብረት ሳህን መሸፈን ሲጀምሩ መቁረጥ አላዋጣም፣ ክፍተት ፈልጎ መውጋት መጣ። ዓይነት 14 አጠር ያለና እጀታው አጠገብ በጣም ሰፊ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1275 እስከ 1340 አካባቢ የተለመደ። እኛ ጋ አፄ አምደ ጽዮን (1314–1344) ሲዘምቱ ማለት ነው። በሱ ምክንያት ልቤ 14 ላይ ነበር። በበጀቴ ልክ ያገኘሁት 12ን ነው፤ አሁን ስይዘው ቅር አይለኝም። በነገራችን ላይ፣ ሻጩ ሰይፉ የየትኛው ዓይነት ቅጂ እንደሆነ ከጻፈ ጥሩ ምልክት ነው። ቢያንስ አስቦበታል።

እቁቤ ሚያዝያ ላይ ደረሰኝ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ለሠርግ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ፤ 230 ዶላር። ከመምጣቱ በፊት እዚያም እዚህም ጉምሩክ አስጠይቀን ነው፤ እናንተም ሳትጠይቁ እንዳታስልኩ። በእጅ ሻንጣ በፍጹም አይሆንም፣ የሚገባው ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ነው። ያዘዝኩት ያልተሳለውን ነው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው የልጆች መጫወቻ ነው። የዚያችን ልጅ ጩኸት አልረሳሁትም። የተሳለ አያስፈልገኝም።

ርዝመቱ እስከ ጉልላቱ 96 ሴንቲሜትር ነው። አትክልት ቤቱ ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ከ180 ግራም መዘነ። ጣቴ ላይ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ላይ ቆመ። ጉልላቱ ጫፍ ላይ የተቀጠቀጠችው ራስ ትታያለች። መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው።

ካርቦን ያለው ብረት ይዝጋል። የኛ ሰፈር ክረምት ደግሞ ግድግዳ ያሻግታል። በጣት የነካችሁት ቦታ ላይ ላባችሁን ካልጠረጋችሁት በሁለት ቀን ቡናማ ነጥብ ታያላችሁ። እኔ የማደርገው የእናቴን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በንጹሕ ጨርቅ ቀጭን አድርጌ መቀባት ነው። በበጋ በወር አንዴ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ። የቆዳ ሰገባ ውስጥ ከትታችሁ አታስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ዘንድሮ ለዘመን መለወጫ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ገላን ወሰድኩት። አጎቴ ብዙ አልተናገረም። ያዘው፣ አንዴ ቀስ ብሎ አዞረው፣ «ቀላል ነው» አለ። ከዚያ ተነሥቶ የአያቴን ጎራዴ አወረደና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

የቀንዱ እጀታ ከታች ወደ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። ውስጡ ያለው ሥሩ ጥቁር ነው፣ ሰፊ፣ ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ፣ እስከ ጫፉ ድረስ። ጫፉ ላይ ተቀጥቅጦ እንደ ችንካር ራስ ጠፍጥፏል።

«ምን አየህ?» አለኝ አጎቴ።

ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና ረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄን አባባም አላዩትም» አለ።